እንሰት ያልበቀለበት ሜዳ

ባለፈው ሳምንት ሆሳዕና መናኸሪያ የዱራሜ መኪና እስኪሞላ ቁጭ ብዬ ስጠብቅ፣ አንድ ጎረምሳ ግድግዳ ላይ ማስታወቂያ ሲለጥፍ አየሁ። ከእግሩ ሥር ባልዲ አስቀምጧል። ባልዲው ውስጥ ያለው የተቀቀለ የስንዴ ዱቄት ነው፣ ገና ትኩስ። ብሩሹን በነከረ ቁጥር ሽታው ሽው ይልብኛል፤ ትንሽ እንደ አጥሚት፣ ትንሽ እንደ ራሰ ጋዜጣ። ረዳቱ «እማማ፣ ሞልቷል እኮ፣ ይግቡ እንጂ!» እያለ ሲጮህብኝ እንኳ አልሰማሁትም። መኪናው ጥሎኝ ሄደ።

እንዳትስቅብኝ። እኔ ከዚያ ሽታ ስሸሽ የኖርኩ ሰው ነኝ። ሠላሳ ዓመት ሳስተምር ለእጅ ሥራ ክፍለ ጊዜ ኮላ ገዝቼ ገባሁ እንጂ አንድ ቀን ዱቄት አላፈላሁም። ልጆቹ «መምህርት ዱቄት ትሰስታለች» ብለው ያሙኝ ነበር፤ ይበሉ።

ነገሩ የሆነው የሰባተኛ ክፍል ተማሪ ሳለሁ ነው። ንጉሡ ገና ዙፋናቸው ላይ ናቸው። አባቴ እኔ ቆሜ ሳልሄድ ስለሞተ ቤታችን ውስጥ የነበርነው እናቴ፣ ታላቅ ወንድሜና እኔ ነን። ወንድሜ በአሥር ዓመት ይበልጠኛል። ከገበያ ሲመለስ ከእንሰቱ ወዲያ ማዶ ፉጨቱ ይቀድመዋል፤ እናቴ ያን ሰምታ ምግብ ታቀርባለች። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሲሞላው ወታደር ቤት ገባ። ሁለት ጊዜ በፈቃድ መጣ። በሦስተኛው የመጣው ደብዳቤ ነው።

ደብዳቤውን ያነበብኩት እኔ ነኝ። እናቴ አማርኛዋ ከገበያ ሰላምታ አያልፍም፤ ቤታችን የሚነገረው ሀዲይሳ ነበር። ማኅተም ያረፈበትን ወረቀት ይዤ የወንድሜን ሞት ለእናቴ የተረጎምኩላት የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ እኔ ነኝ፣ እኔን አፈር ይብላኝ። «በምሥራቁ ጠረፍ በግዳጅ ላይ እንዳለ ወደቀ» ይላል። ሌላ የለውም። እናቴ ወረቀቱን ከእጄ ወስዳ ገልብጣ ጀርባውን አየች። ባዶ ነው። «ማን ነበር አጠገቡ? ብቻውን ነው የሞተው?» አለችኝ። እኔ ምን አውቄ! ለቅሶው አለፈ፣ ሰው ሁሉ ወደየቤቱ ሄደ፣ እናቴ ያችን ጥያቄ ይዛ ቀረች። እንሰት ስትፍቅ ትጠይቀኛለች፤ ከጸሎት ቤት ስንመለስ መንገድ ላይ ቆም ብላ ትጠይቀኛለች። መሞቱን እንኳ እንደምንም ተቀብላዋለች። ብቻውን ከሆነ ግን አልችለውም ትል ነበር።

በዓመቱ አንድ ሻምበል ወደ ከተማችን መጡ። የሰሜን ሰው ናቸው፤ ቀጭን፣ ረጅም፣ አንድ እግራቸው የማይታጠፍ። ከጦሩ በጉዳት ተሰናብተው አውራጃው ጽሕፈት ቤት ተመድበዋል ተባለ። ሆሳዕና እንዲመደቡ ራሳቸው እንደለመኑ ያወቅሁት በኋላ ነው። በሳምንቱ ከዘራቸውን ይዘው አጥራችን ጋ ቆሙ። ባርኔጣቸውን አወለቁና «የልጃቸው አዛዥ ነበርኩ በያቸው» አሉኝ። እናቴ እጇን በቀሚሷ እየጠረገች ወጣች። አላለቀሰችም። ያችኑ ጥያቄ ጠየቀች፤ ተረጎምኩ። ሻምበሉ አፋቸውን ከፈቱ። ከንፈራቸው ሲንቀሳቀስ አየሁ፣ ድምፅ ግን አልወጣም። ሁለተኛም ሞከሩ። ከዚያ ባርኔጣቸውን ደፍተው እያነከሱ ሄዱ።

«ዝም ያለው ያጠፋው ነገር ቢኖር ነው» አለች እናቴ። ከዚያ ቀን ወዲያ መንገድ ላይ ሲያገኟት ይጎነበሳሉ፤ እሷ ፊቷን ታዞራለች። እኔ በሁለቱ መሀል እሳቀቃለሁ።

ለወላጆች ቀን የአውራጃችንን ካርታ ከጋዜጣና ከዱቄት ሠርቼ ነበር፣ ተራራው ከፍ፣ ሸለቆው ዝቅ ያለ። ሻምበሉ በእንግድነት መጥተው ካርታዬ ላይ ተገትረው ቀሩ። በጣታቸው ሸለቆውን ይዘው ሲወርዱ፣ ዳገቱን ሲወጡ አየኋቸው። የእጅ ሥራ አስተማሪያችንን ማን እንደሠራው ጠየቁና ወደኔ ሲያመለክት ለጥቂት ጊዜ ዓይናቸውን ከኔ መንቀል አቃታቸው። ወንድሜን እመስላለሁ፤ ሁሉም ይለኛል።

ቤታቸው የጠሩኝ በዚህ ሰበብ ነው። ሳሎናቸው ውስጥ የመስታወት ቁም ሣጥን አለ፤ ሰው ብርጭቆ በሚደረድርበት ላይ እሳቸው ወታደር ደርድረዋል። ከቀለጠ እርሳስ የተሠሩ፣ ቁመታቸው ትንሿን ጣቴን የሚያህል፣ መቶ ምናምን ወታደሮች። የጦር ትምህርት ቤት ሳሉ አንድ ፈረንጅ አስተማሪያቸው ሲሰናበት ትቶላቸው የሄደው ነው መነሻው። ከዚያ በኋላ ፒያሳ ካለ የአርመን ሱቅ እየለቀሙ ሞሉት። ልብሳቸውን በራሳቸው እጅ ቀብተውታል፤ ቁልፉ ሳይቀር ይታያል። እኔማ ሳቄ አፍኖኝ ነበር። ያን የሚያህል ሰውዬ፣ ፀጉሩ የሸበተ፣ አሻንጉሊት! ሻምበሉ ገብቷቸዋል። «ሳቂ፣ ግዴለም» አሉኝ። «ግን ወታደር መደርደሪያ ላይ ሲቆም ዕቃ ነው። የሚቆምበት መሬት ስታገኚለት ነው ሰው የሚመስለው። ያን መሬት ልትሠሪልኝ ትችያለሽ?»

አዲስ አበባ እንደሳቸው የሚሰበስቡ ሁለት ወዳጆች ነበሯቸው፣ አንዱ ባንክ ቤት፣ አንዱ መድኃኒት ቤት የሚሠሩ። በደብዳቤ ነው የሚገናኙት። መጀመሪያ የሠራሁት ለባንክ ቤቱ ሰውዬ ድልድይና ወንዝ ነው። በካርቶን ጠቅልለን፣ ጭድ ሞልተን፣ ከመናኸሪያ በሾፌር እጅ ላክነው። «ወንዙ ውስጥ እጄን ልነክር ነበር» ብሎ ጻፈ። ያን ደብዳቤ ስንት ቀን በደብተሬ ውስጥ ይዤ እንደዞርኩ አትጠይቀኝ።

ሥራው እንዲህ ነው። ኮምፔርሳቶ ላይ የዶሮ ሽቦ እያጎበጥክ ኮረብታውን ታወጣለህ። ጋዜጣ በዱቄት ሙጫ እየነከርክ ሦስት አራት ጊዜ ታለብሰዋለህ። አይጥ እንዳይበላው ሙጫው ላይ በርበሬ ጣል ይደረጋል፤ ዓይን ያቃጥላል እንጂ ይረዳል። ሲደርቅ በወንፊት የተነፋ አፈር ትበትንበታለህ። ሣሩ ቃጫ ነው፣ ተቀብቶ በመቀስ የተከረከመ። ቁጥቋጦው በቀለም የተነከረ ሰጋቱራ። ሁሉም ነገር የሚለካው በወታደሩ ነው። ሻምበሉ መጀመሪያ ያስተማሩኝ ይህን ነው፤ «ሰውየውን አቁሚ፤ በሩ ከሰውየው ይልቃል፣ ዛፉ ከበሩ ይልቃል።» የሠራሁትን ሲፈትሹ ጎንበስ ብለው አገጫቸውን ጠረጴዛው ላይ ያሳርፉና አንድ ዓይናቸውን ጨፍነው ያያሉ። «ከላይ የሚያይ እግዚአብሔር ብቻ ነው» ይሉኛል። «አንቺ ወታደሩ ከቆመበት እዪ። ምን ይታየዋል? ምንስ ይከልለዋል?»

ወራት አለፉ። እናቴ የምሄድበትን ታውቃለች፤ አልከለከለችኝም፣ ምን ትሠሪያለሽም አላለችኝም። አንድ ቅዳሜ ከሰዓት ሻምበሉ ሽቦውን ከእጄ ተቀብለው አስቀመጡና «ለእናትሽ በአፌ መናገር አልቻልኩም። በእጄ ግን ላሳያቸው እችል ይሆናል። ያን ቦታ ሥሪልኝ» አሉኝ።

የዚያን ቀን ነገሩኝ። ውሃ ካለቀባቸው ሁለት ቀን ሆኗል፤ ሜዳው ጥግ ላይ ሁለት ቤትና አንድ የውሃ ጉድጓድ አለ። በማለዳ በሜዳው አቋርጠው ሊደርሱ ሲሉ ከኮረብታው ተተኮሰባቸው። ወንድሜ መሀል ሜዳ ላይ ተመታ። ሻምበሉ ተመልሰው በደረታቸው እየተሳቡ ደረሱበት፤ እግራቸውን የተመቱት ያኔ ነው። መነሳት አይቻልም። ጭንቅላቱን ክንዳቸው ላይ አድርገው፣ ፀሐዩን በባርኔጣቸው እየከለሉለት፣ ከጠዋት እስከ ፀሐይ መጥለቂያ አብረው ተኙ። ውሃ እያለ ሲጠይቃቸው ነበር። «በሜዳው እንለፍ ያልኩት እኔ ነኝ» አሉ፣ ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዙረው። «ሌላ መንገድ ግን አልነበረም። የሚከልል ነገር አልነበረም። እናትሽ ያንን በዓይናቸው ይዩት፤ ከዚያ ብቻውን እንዳልነበረ አሳያቸዋለሁ።» በእርሳስ ንድፍ አወጡልኝ። ኮረብታው እዚህ፣ ጉድጓዱ እዚህ፣ ሁለት ቤት እዚህ። «የቀረው ሜዳ ነው» አሉኝ። በማግስቱ የቤታቸውን ቁልፍ ትተውልኝ ለእግራቸው ሕክምና አዲስ አበባ ሄዱ።

ሁለት ሳምንት ሠራሁ። እንደዚያ ያለ ነገር ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም አልሠራሁም። አፈሩን ከሦስት ቦታ አምጥቼ ቀላቀልኩት። እያንዳንዷን ጠጠር በመርፌ አስቀመጥኩ። ወንድሜ የሚተኛበት መሬት ነው እኮ! እንዲቆረቁረው አልፈለግሁም፤ የእርሳስ ወታደር እንደሚቆረቁረው ሁሉ።

ሁለቱን ቤቶች ሠርቼ ሳቆማቸው ግን አንድ ነገር ከነከነኝ። ጀርባቸው ባዶ ነው። አንተ እንግዲህ የኛን አገር ታውቃለህ፤ እኛ ዘንድ ቤት ካልክ እንሰት ብለሃል፣ ለብቻው አይነገርም። ጓሮው እንሰት የሌለው ቤት ሰው ያለቀበት ነው። እኔ እስከዚያ ዕድሜዬ ከሆሳዕና ወጥቼ ያየሁት ዶዮገና ያለችውን አክስቴን ቤት ነው፤ እዚያ ደግሞ እንሰቱ ከኛም ይብሳል። ሻምበሉ «ቤት» ብለውኛል፣ ከጀርባው ምን እንዳለ አልነገሩኝም። የሰሜን ሰው ናቸው፣ ረስተውት ነው አልኩ። ቅጠል በምላጭ እየቀደድኩ፣ ሰም እያስነካሁ፣ ግንዱን ከወረቀት እየጠቀለልኩ እንሰት ተከልኩ። ደስ እያለኝ ነው የተከልኩት። ወንድሜ ሰው ያለበት መንደር አጠገብ የተኛ መሰለኝ። ባማረልኝ ቁጥር ስጨምር፣ ስጨምር፣ ተክሉ ከቤቶቹ ጀርባ ወጥቶ ወደ ሜዳው ወረደ።

እናቴን ለማሳመን አንድ ሳምንት ለመንኳት። «አማ፣ በአፉ አልቻለም፤ በእጁ ያሳይሻል» አልኳት። አማ በሀዲይሳ እናት ማለት ነው። በመጨረሻ እሁድ ከጸሎት ቤት መልስ እሄዳለሁ አለች። ሻምበሉ ቅዳሜ ዘግይተው ከአዲስ አበባ ገቡ። እሁድ ስንደርስ ሥራዬ እኔ እንደሸፈንኩት አንሶላው ሥር ነው፤ ቀድሜ ገልጬ አላየውም፣ እናትሽ ይቅደሙ አሉኝ። ለእናቴ ክብር ብለው ነው። ምነው ባላከበሯት!

እናቴ ነጭ ነጠላዋን ለብሳ ነበር። ወንበር ቢስቡላት አልቀመጥም አለች። አንሶላውን ገለጥኩ።

መጀመሪያ ፈገግ አለች። ሁለት ዓመት ፈገግታዋን አላየሁም ነበር። ጣቷን ሰድዳ የእንሰቱን ቅጠል ነካ አደረገችና «እንዴ፣ እንደኛ አገር ነው?» አለች። ሻምበሉን አየኋቸው። ዓይናቸው እንሰቱ ላይ ነው። ፊታቸው አመድ መስሏል። አንድ ጊዜ ወደኔ ዞሩ፤ እኔ ገና አልገባኝም፣ እንዲያውም እስኪያመሰግኑኝ ነው የምጠብቀው። ሣጥናቸውን ከፍተው ወታደሮቹን በሜዳው ላይ ያቆሙ ጀመር። አንዱን አንስተው መሀል ላይ አስተኙትና «ይህ ልጃቸው ነው በያቸው» አሉ።

ተረጎምኩ። እናቴ ያን ጊዜ ማንም ሳይነግራት በርከክ ብላ አገጯን ጠረጴዛው ላይ አሳረፈች። ልጇ ከተኛበት ልታይ። ከዚያ የሚታየው እንሰት ነው፤ ጥቅጥቅ ያለ፣ ከልጇ አንድ ስንዝር የማይርቅ። ልጅ ስንሆን የደነገጥን ሁሉ የምንሮጠው ወደ እንሰቱ ነው፤ ሰው ገብቶበት በሁለት እርምጃ አይታይም። እናቴ ስንዝሯን ዘርግታ ለካችው። ፈገግታዋ ጠፍቷል።

«ጠይቂው» አለችኝ ሳትነሳ። «መሸሸጊያው እዚህ እያለ ልጄን ለምን በባዶ ሜዳ ነዳው?»

ክው አልኩ። ያኔ ገባኝ። «አማ፣ እኔ ነኝ» ማለት ነበረብኝ፤ ሦስት ቃል ናት። ምላሴ ግን የለመደውን ሠራ፤ የሰማውን ተረጎመ። ሻምበሉ ጥያቄውን ሰምተው ወደኔ ዞሩ። እዚያ አገር እንሰት እንደሌለ፣ ይህን የተከለችው ይህች ልጅ እንደሆነች ሊናገሩ ይችሉ ነበር። አልተናገሩም።

«ጥፋቱ የኔ ነው በያቸው» አሉኝ።

እሱንም ተረጎምኩ። እሱን ብቻ።

እናቴ ተነሳች። የተኛውን ወታደር በሁለት ጣቷ ከሜዳው አንስታ እንሰቱ ውስጥ አስገባችው፣ ከቅጠሉ ሥር። ነጠላዋን አስተካከለችና ወጣች። ሻምበሉ ከሣጥኑ ሌላ አንድ ወታደር አውጥተው በእጃቸው ይዘው ነበር። እሳቸው ናቸው። ከወንድሜ ጎን ሊያስተኙት ነበር።

«ሮጬ ልንገራት» አልኩ እያለቀስኩ።

«ተይ» አሉኝ። «ካንቺ ሌላ ልጅ የላቸውም። እኔን ቢጠሉ ይሻላል። አሁን ሂጂ፣ ብቻቸውን ናቸው።»

ሄድኩ። አልነገርኳትም። መጀመሪያ ሻምበሉ ስላሉኝ ነው፣ በኋላ ስለፈራሁ፣ ከዚያም በኋላ በጣም ስለቆየ። ከጥቂት ወራት በኋላ ሻምበሉ ወደ ሀደሮ ተዛወሩ። ሀደሮ እኮ ሩቅ አይደለም! እዚያው አካባቢ ሳስተምር ስንት ጊዜ በአጠገቡ አልፌያለሁ፤ አንድ ቀን ወርጄ በራቸውን አላንኳኳሁም። ንጉሡ ወረዱ፣ ዘመኑ ተለወጠ፣ ሻምበሉ ሀደሮ ሞቱ ሲባል ሰማሁ። ቀብራቸው ላይ ስንት ሰው እንደነበር እንኳ አላውቅም። እናቴ ወሬውን ስትሰማ «እግዜር ይጠይቀው» አለች፤ እኔ አቀርቅሬ ድንች ስልጥ ነበር።

የነገርኳት እሷ ካረጀች በኋላ ነው። ጓሮ ተቀምጠን ነበር። «አማ፣ እንሰቱን እኔ ነኝ የተከልኩት። እዚያ አገር እንሰት አይበቅልም። ሻምበሉ አብረውት ነበሩ፤ ክንዳቸው ላይ ነው የሞተው» አልኳት፣ ሁሉንም በአንድ ትንፋሽ። ትመታኛለች ብዬ ነበር፤ በዚያ ዕድሜዬ! አልመታችኝም። እጇ ላይ ያለውን ቃጫ ስትጠቀልል፣ ስትፈታ ቆየችና «ልጄን ላቀፈው ሰው ነው እንግዲህ ሰላምታ የነፈግሁት» አለች። አለቀሰች። እኔም አለቀስኩ። ከተላቀስን እንግዲህ ቀለለን፣ አለቀ ብዬ አሰብኩ።

አላለቀም። ይህን ሁሉ ዘመን ልጇን ያስቀመጠችው እንሰቱ ውስጥ ነበር፣ ቅጠሉ ሥር፣ በገዛ እጇ። እኔ ነኝ ከዚያ አውጥቼ ሜዳ ላይ ያስተኛሁባት። ከዚያ ወዲህ ቀትር ላይ፣ ፀሐዩ ሲከር፣ ከጥላው ወጥታ ግቢው መሀል መቆም አመጣች። ያቺ አሮጊት፣ ራሷን ሳትሸፍን። «አማ፣ ጥላ ግቢ እንጂ» ስላት «ቆይ ትንሽ» ትለኛለች። ልቤ ያውቃል ምን እየለካች እንደሆነ።

አንድ ቀን እንደዚያ ቆማ፣ ዓይኗን በእጇ ከልላ ወደኔ ዞረች።

«እዚያ ፀሐይ ላይ ብዙ ቆየ?»

«ኧረ አልቆየም አማ» አልኳት። «እንደተመታ ነው ያለፈው፣ ወዲያው።»

አፍጥጣ አየችኝ። ከዚያ ራሷን ነቀነቀችና ነጠላዋን ሰብስባ ወደ ጥላው ገባች።